የብርጭቆ ወረቀት

አርብ ሳይነጋ፣ ካፊያው ሳያባራ፣
ጌንት ጓዳዋን ዘርግፋ በተራ፣
ቅዱስ ያዕቆብ ደጅ ታሰጣዋለች፤
«ሟች የለቀቀውን ሕያው ያንሣ» ትላለች።
አንድ እግሩን የተወ ወንበር፣
ብሩ የረገፈ መስታወት፣ ክፈፉ ስብር፣
ክዳኑን ያጣ የሾርባ ማቅረቢያ፣
ቁልፉ የጠፋ ሣጥን፣ አልከፈትም ያለ መሳቢያ።
እኔም በባትሪ፣ ሌባ መስዬ፣
ጎንበስ እላለሁ፣ ሆዳቸውን ልይ ብዬ።

ፊት አላይም እኔ። ፊትን ቫርኒሽ ያሳምረዋል።
ጀርባ ግን ማንም አልተጨነቀበት፣ እውነቱን ይናገራል።
የመላጊያው ጥርስ ካለ፣ ምስማሩ አራት ማዕዘን ከሆነ፣
ጥጉ ላይ ሳንቃ ከሳንቃ እንደ ጣት ከተቆላለፈ፣ ካልተከደነ፣
የመሳቢያው ሐዲድ በቀኝ በኩል በልቶ ከጎደጎደ፣
ቀኝ እጁ የሚቸኩል ሰው ነበር፣ እዚያ ቤት ኖሮ የሄደ።

ፍሎሪሞን ነው ያስተማረኝ፣ ሳል የማይለቀው ሽማግሌ፦
«ነቀዝ በሚያዝያ ይነቃል፤ ጆሮህን ጣል ሁልጊዜ።
ነጭ ወረቀት አንጥፍለት፤ ዱቄት ካየህ ሲበላ አድሯል።
ማሞቂያውን ዝጋ፤ እንጨት እንደ ሰው ይጠማዋል፤
ሙጫህ የአጥንት ይሁን፣ የነገው ጠጋኝ እንዲፈታው፤
ለዘላለም ያጣበቀ አበላሸ እንጂ አልረዳው።»
እኔም የንብ ሰም አቅልጬ፣ በሱፍ ጨርቅ እያሸሁ፣
ሰሙ በእጄ ነው እላለሁ፣ ወርቁን ከእንጨቱ እየጠየቅሁ።

ዮሪስ የሚባል ጎልማሳ መጣ፣ በኅዳር፣
የእናቱን ጠረጴዛ ጭኖ፣ የቼሪ እንጨት፣ ክብ፣ ባለ አንድ እግር።
«እንደ አዲስ አርግልኝ» አለ፣ «ልደቷ ነው፣ ሰማንያ፤
በተለይ ይቺን አጥፋልኝ» ጣቱን አሳረፈ፣ ከጠርዙ ወዲያ፣
አመድማ ቀለበት ላይ፣ የብርጭቆ ቂጥ ያተመው፣
አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ፤ ስንት ማታ እንደሆነ ማን ያውቀው።

የብርጭቆን ጠባሳ በብርጭቆ ወረቀት!
አማርኛ ሲያፌዝ እንዲህ ነው፤ ብቻዬን ሳቅሁ ያን ለት።
ፋቅሁ። ሻካራውን፣ መካከለኛውን፣ በመጨረሻ ልሙን፤
እፍ አልሁ፤ ዳሰስሁ፤ ደገምሁ፤ አስጠጣሁት ቀለሙን።
በአምስተኛው ቀን መብራቱ ሳይሰበር ላዩ ላይ ፈሰሰ፤
እውነቱን ልናገር፣ በሥራዬ አንጀቴ ራሰ።

ወይዘሮ ጎደሊቭ ራሷ መጣች፣ ልጇ ክንዷን ይዟት፤
ጓንቷን አወለቀች፤ ከዐይኗ በፊት እጇን ላከች ፊት ለፊት።
ጠርዙን ይዛ ዞረች፤ ቆመች፤ ተመለሰች፤
እንደገና ዞረች። እዚያው ቦታ ደረሰች።
ጣቶቿን አጠፍ አድርጋ አየር ጨበጠች፣
የሌለ ብርጭቆ አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠች።
«እዚህ ጋ ነበር» አለች። ይኸው ነው ያለችው።
«አምሯል አይደል፣ እማ?» አለ ልጇ። «አምሯል» አለችው።
ከፈለች። በሳንቲም እንኳ አልተከራከረች፤
አንዱን ጓንት ብቻ አጥልቃ ወጣች።

የፋቅሁትን ዱቄት ጠርጌ ነበር፤ ቆሻሻው ሐሙስ ሄዷል።
እግር ያጣ እግር አበጅለታለሁ፤ ማታ ግን ከየት ይመጣል?

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሲመጣ፣ ዋጋ ከመቁረጤ በፊት፣
«ይቺ የማን ናት?» እላለሁ፣ ጣቴን አሳርፌ ጠባሳዋ ላይ በቀስታ፣ በፍርሃት።
አንዳንዱ ይስቃል። አንዱ ወንበሩን ይዞ ተመልሷል።
አንዲት ሴትዮ ግን እስኪመሽ አወራችኝ፤ ያን ቀን ሥራ ቀርቷል።

መስኮቱ ሥር አንድ ጠረጴዛ አለ፣ ዋጋ ያልወጣለት፤
ሲመሽ፣ የሌይ ወንዝ ሲጠቁር፣ ብርጭቆዬን አኖርበታለሁ፣ ምንም ሳላነጥፍለት፣
ሁልጊዜ አንድ ቦታ። ሦስት ዓመት ሆነው።
በባትሪ አየዋለሁ፣ አግድም፤
ክቡ ገና ግማሽ ጨረቃ ነው።