አምስት መቶ ቁራጭ

በማቀዝቀዣው በር ሦስት ጥሪ ተለጥፏል፣
ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ደመወዜን ጠልፏል፤
የፋይዛ ዘጠነኛ፣ የመንታዎቹ ስድስት፣
የዚያ የአዲሱ ልጅ ደግሞ፣ ስሙን ያላወቅሁት።
ከአሥራ አምስት ባሳንስ እታማ ይሆን?
ሃያ አምስት ባደርገው ለቤንዚኑስ ምን ልሁን?
ካልጋሪ ላይ መኪና በየካቲት ብርድ
ቆሞም ይጠጣል፣ ሳይሄድ።

ደብተር አለኝ እኔ፣ እንደ ዕድር ጸሐፊ፣
ከመሳቢያው ሥር ያለ፣ ጠርዙ የተላጠ፤
ማን ይዞ እንደ መጣ፣ ማን ፖስታ እንደ ሰጠ።
ስንዱ፦ ሃያ ዶላር፣ በነጭ ፖስታ።
የኦወን እናት፦ መጽሐፍ፣ ካርድ፣ ፈገግታ።
ወንድይራድ፦ ብስክሌት! ሁለት ጊዜ አስምሬ፤
ይህን በምን ልመልስ፣ ከየት ተበድሬ?
‘ብድር በምድር’ የሚሉት እኛ ሰፈር
በቅዳሜ ይከፈላል፣
በሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ በጥብጣብ፣ በክር።

ባለፈው ቅዳሜ ተራው የኛ ነበር፤
የያፌት ስምንተኛ፣ ትራምፖሊን ቤት፤
በልጅ ሃያ ስምንት፣ ከአሥር ልጅ በታች የማይደራደር።
ካልሲው ለብቻው ነው፣ መርገጫው ጎማ ያለው፣
ጥንዱ ሦስት ከሃምሳ፣
እግር ባለው ሁሉ ላይ የተጣለ ግብር ነው።
አሥር ጠርቼ ነበር፣ አሥራ አራት ገቡ፤
ታናናሾች በእናት እጅ እየተሳቡ።
‘እሱም ይዝለል?’ ሲሉኝ ‘ምን ችግር አለው’ አልሁ፣
ጥርሴ እየሳቀ በጣቴ ቆጠርሁ።
ጋሹ ከፒዛው ማዶ በዓይኑ ‘ስንት?’ አለኝ፤
በዓይኔ ‘ዝም በል’ አልሁት።
አንዲት ሕፃን መጥታ ‘ውሃ’ አለችኝ።
ውሃም በገንዘብ ነው።

ማታ፣ ያፌት ምንጣፉ ላይ ወረቀት ሲቀድድ፣
አንድ ሣጥን ወጣ፣
የት እንዳየሁት የጠፋኝ የሩቅ ዘመድ።
ፐዝል ነው፤ የባሕር ጠረፍ፣ የመብራት ማማ፣ ደመና፤
አምስት መቶ ቁራጭ። ጥጉን ገለበጥሁና
የጥፍሬን ሥራ አየሁ፤
ያኔ ፍቄ ፍቄ ያልለቀቀችኝን የዘጠኝ ጭራ አየሁ።
የራሴ ሣጥን!
ከሦስት ዓመት በፊት በግማሽ ዋጋ ገዝቼ
ለስንዱ ልጅ የሰጠሁት፣ ጥብጣብ አብዝቼ።
ካርዱ ግን የኦወን ነው።
ጋሹ ሳቀ፤ ‘በይ እንግዲህ፣ ዕቁብሽ ወጣልሽ’።

ደብተሬን ገልጬ መንገዱን ፈለግሁት፤
ከስንዱ ወደ ማን? ከማን ወደ ኦወን? አጣሁት።
በስንት ዓርብ ማታ፣ በስንት ቁምሣጥን ፊት፣
ስንት እናት እንደኔ ቆማለች በሌሊት፤
‘ይሄ ይሆናል’ ብላ፣
አዲስ ወረቀት አልብሳው፣
ስሜን ሳታውቀው ጭንቄን ተካፍላ።
ልናደድ ሞከርሁ። አልመጣልኝም።
እውነቱን ልናገር፤ ለፋይዛ ይሆናል ብዬ
ልደብቀው ስነሣ፣ ‘የኔ ነው እኮ፣ እማዬ!’
አለና ፕላስተሩን ላጠው።
ፕላስተሩ፣ አሁን ሳስበው፣ የፋብሪካ አልነበረም።

ሳምንቱን ሙሉ ጠረጴዛው ባሕር ሆነ፤
እራት ጉልበታችን ላይ በላን።
ጋሹ ከሌሊት ፈረቃ ሲገባ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ፣
አንድ ቁራጭ ሰማይ ሳይገጥም አልጋ ላይ አይወድቅ።
ዛሬ ማታ አለቀ፤ አላለቀም፤
የማማው በር የለችም።
በምትኳ ከሣጥኑ ሥር አንዲት እንግዳ ተገኘች፤
ቡናማ፣ የፈረስ ዓይን፣
ከማናውቀው ሥዕል፣ ከማናውቀው ቤት የመጣች።
የሆነ ልጅ፣ የሆነ ቦታ፣ ከፍቶ ተጫውቶበት፣
እናቱ ከሶፋ ሥር ለቃቅማ አሽጋበት።
ያፌት ዓይኗን በበሩ ሊያስገባ ታገለ፤
እምቢ ስትለው ላዩ ላይ አስተኛትና
‘ፈረሱ ቤት ገብቷል’ አለ።

እኔም ደብተሬን አወጣሁ፤
ከኦወን እናት ስም ፊት፣ ከፐዝሉ ቀጥዬ
‘የፈረስ ዓይን፣ አንድ’ ብዬ ጻፍሁ።
የዋጋውን ቦታ ባዶ ተውሁት።
ነገ የፋይዛ ነው፤ ገና ምንም አልገዛሁ።