ከሩቁ ጎማ

ትናንት ሐረጎ ላይ፣ ቁልቁል ስወርድ ከደሴ፣
አሥራ ሁለት ነፍስ ጭኜ፣ አንድ ፍየል፣ አንድ ራሴ፣
ፍሬኑን ብረግጠው እንደ ጭቃ ሰመጠ፤
እግሬ ወለል ነካ፣ መኪናው ግን ሮጠ።
በሁለተኛ ማርሽ፣ በዱዓ፣ በእጅ ፍሬን
ቆምኩኝ። ቁልቁል አየሁ ኮምቦልቻን፣ ሰፈሬን።
ከሁላችን ድምፅ ያላት ፍየሏ ብቻ ነበረች፤
ሰውን ሁሉ ወክላ አንዴ «ሜ» አለች።

ዛሬ ሥራ የለም። ከአሊጋዝ ጎሚስታ
ኮምፕሬሰር ተውሼ፣ እስከ ቀትር፣ በይሉኝታ፣
ከደሴ የገዛሁትን ያን ጡጦ መሳይ፣
በነፋስ ዘይት ጠቢ፣ አኖርኩት ድንጋይ ላይ።
ነፋሱ በአንድ አፉ ይገባል እያፏጨ፣
በሌላው ይወጣል አቧራ እየረጨ፤
በሄደበት መንገድ ባዶ ትቶ ያልፋል፣
ያን ባዶ ሊሞላ ዘይቱ ይከንፋል።
እሾህን በእሾህ ይላሉ፣ አየርንም በአየር።
ግን ይህን ዕቃ የገዛሁት ሰው ስላጣሁ ነበር።

ድሮ ጦይባ ነበረች፣ ጫማዋን አውልቃ፣
መሪ ይዛ የምትረግጥ፣ በሥራዬ ስቃ።
እኔ ከጎማው ሥር፦ «ርገጪ!»
እሷ ከላይ፦ «ረገጥኩ።»
«ያዢ!»
«ያዝኩ።»
«እንዳትለቂ!»
«ኧረ እግሬ ዛለ፣ ሰውዬ፣ ቶሎ በል!»
ቡሎኗን ሳጠብቅ ደግሞ «ይኸው ጠንክሯል፣ ይበቃል» ትል።

ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ሐይቅ ነች፣ እናቷ ቤት፤
አንድ ማታ ምላሴ ፍሬን አጥቶ ወርዶባት።
ሰው ያወራውን ይዤ፣ ማን እንዳወራ ሳልጠይቅ፣
ቁልቁለት ላይ ለቀቅኩት፣ መቆሚያውን ሳላውቅ።

ሕጉ፣ ከሩቁ ጎማ ጀምር ይላል፦
ከኋላ፣ በስተቀኝ። መስመሩ ረዥም ነው፣ አየር እዚያ ይውላል።
ቱቦውን ሰካሁ፣ ቡሎኗን ሩብ ዙር ፈታሁ።
ጥቁር ዘይት መጣ፣ የሦስት ዓመት አተላ፣
አረፋ አዝሎ፣ ነጭ በነጭ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ።
ከላይ እየሞላሁ፣ ማጠራቀሚያው እንዳይደርቅ፣
ልጠብቅ አልኩ አረፋው እስኪያልቅ።

አላለቀም።
ግማሽ ጠርሙስ፣ ሙሉ ጠርሙስ፣ አሁንም አረፋ።
ይህን ያህል አየር ከየት መጣ? ተስፋዬ ጠፋ።
ደወልኩ ለአሊጋዝ። ሳቀ፣ ጎረቤት እስኪሰማ።
«አንተ ሞኝ፣» አለኝ፣ «ያ ከውስጥ አይደለማ!
ቡሎኗን ስታላላት በጥርሷ ዙሪያ ሾልኮ
ከደጅ ነው የሚገባው፤ መሣሪያህ ሳበው እኮ!
ጥርሷን ግሪስ ቀባው፣ ያኔ ታየዋለህ፣
የፍሬንህን አየር ከሰፈር አየር ትለያለህ።»

ስልኩን ዘጋሁት።
የሰፈር አየር።

ግሪሱን በጣቴ ቀባሁ። አረፋው ቀነሰ፣
ሁለት ሆነ፣ አንድ ሆነ፣ ጠርቶ ማር መስሎ ፈሰሰ።
ከውስጥ የነበረው ለካ ያን ያህል አልነበረም፤
ሌላው የደጅ ነው፤ ሳብኩት እንጂ ማንም አልሰጠኝም።

አራቱንም ጨረስኩ። ወንበሬ ላይ ወጣሁ። ረገጥኩ።
ጠነከረ። ወይም የጠነከረ መሰለኝ። ደግሜ ረገጥኩ።
«ይበቃል» የሚል ሰው ከሌለ የራስን እግር ማመን ይከብዳል።

ኮምፕሬሰሩን መለስኩ፤ ለቀትር ሩብ ጉዳይ።
ፍሬን የሚፈተነው ቁልቁለት ላይ ነው፤
ለመውረድ ግን መጀመሪያ መውጣት አለ።
ባዶ መኪና ይዤ፣ በዝግታ፣ ሐረጎን፣
ደሴን፣ ከዚያም አልፌ ሐይቅ፣ እናቷ ደጅ
ስደርስ፦ «ነይ ርገጪና ንገሪኝ፣ ጠንክሮ እንደሁ»
እላለሁ መሰለኝ።
ሌላ ቃል አላዘጋጀሁም።
ጫማዋን ታውልቅ አታውልቅ፣ አላውቅም።