ያዝ

ፔዳሉ ሰመጠ።
አልተሰበረም፣ አልጮኸም፤ እግሬን ተከትሎ
ወረደ እስከ ምንጣፉ፣ ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣
እንዳንቀላፋ ሰው አገጭ።

ከኦፒቺና ቁልቁል፣ ባሕሩ መስታወቱን ሞልቶት፣
ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜአለሁ — መቆም ካሉት —
ፓንዳዬ ግን በጥፍሯ ትሄዳለች፣ አንድ ክንድ፣ ሁለት።
የትሪየስቴን ነፋስ ቦራ ይሉታል፤ እኛ ግንባሩ የነጣ በሬ
የምንጠራበትን ስም፤ ከኋላ መጥቶ በቀንዱ ገፋኝ ዛሬ።
ሐረጎ ሥር ያደግሁ ነኝ፤ ከደሴ ሲወርድ ኤንትሬ
ፍሬኑ ከከዳው፣ ኮምቦልቻ እንደማያድር አውቃለሁ።
የእጅ ፍሬን ጎተትሁ፤ ከአውቶቡሱ ጣት ሲቀረን ቆመች፤
በአንደኛ ማርሽ እያባበልሁ ሊቪዮ ደጅ አደረስኋት።

ሊቪዮን ነው የማጥበው፣ የማጎርሰው፣ ክኒኑን በሰዓት የምሰጠው፤
አርባ ዓመት ጋራዥ ነበረው፤ አሁን ማንኪያ የሚያመልጠው፣
ሚኒሞው እንደ ተዛባ ሞተር እጁ ያለ ሥራ የሚንቀጠቀጠው።
«ዘሐራ» ስለው «ሐ» አይገኝለትም፤ «ዛራ» ይለኛል።
ዛራ በልጅነቱ በመርከብ ጥሎት የወጣው ከተማ ነው፤
አንዳንዴ ሲጠራኝ፣ እኔን እንዳልሆነ ይገባኛል።

እንደ ሐኪም ጠየቀኝ። «ደጋግመሽ ብትመቺው?» — «ይነሣል።»
«ይዘሽ ብትቆዪስ?» — «ይሰምጣል።»
«ዘይቱ?» — «ሙሉ ነው።» «ጎማዎቹ ሥር?» — «አራቱም ደረቅ፤
በጣቴ ዳብሻለሁ።» ዝም አለ፤ ዓይኑ ሄደ ሩቅ።
ከዚያ በሚርደው ጣቱ ደረቱን መታ፦ «ፖምፓው ነው።
ወደ ውጭ አያፈስም፤ ጎሚኒው አርጅቶ በውስጡ ነው የሚያልፈው።
ላዩ ደረቅ ነው፤ ከላይ ያየ ሰው ምኑን አይቶ ይወቀው?»

አዲሱን ገዛሁ፣ ስልሳ ሁለት ዩሮ። ግቢው ውስጥ ኮፈን ከፈትሁ።
ከበላያችን የወይን ሐረግ፤ የካቲት ነውና፣
እሱም እንደ ፓንዳዬ ፍሬን አልያዘም ገና።

ጣሊያንኛዬ የአልጋ ነው፤ ተገልበጥ፣ አፍህን ክፈት፣ የት ያምሃል?
ኮፈን ሥር ግን ምላሴ ሌላ ሰው ሆኗል፦
ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ቱቦ፣ ጎሚኒ፤
የአባቴ የይመር ቃላት፣ በግሪስ የተለወሱ፣
አማርኛ ናቸው ብዬ ያደግሁባቸው።
ሊቪዮ ሳቀ። «ይህን ደግሞ ማን አስተማረሽ?» አለ።
መልሱ ረጅም ነበር፤ እጄ ላይ ደግሞ የአሥራ አንድ ቁልፍ አለ፤
ተውሁት።

ዘይቱን በእሱ ሲሪንጅ መጠጥሁ። ቱቦዎቹን ነቀልሁ፤
ከሰርቮው ሁለት ፍሬ ፈትቼ አሮጌውን አወጣሁ፤
የጎሚኒው ከንፈር ተሰነጣጥቋል፣ የጥር ብርድ እንደ መታው ከንፈር።
«ጨርቅ አንጥፊ፤ ዘይቱ ቀለም ይበላል» ይለኛል ከወንበሩ፣
ሦስት ጊዜ፤ ጨርቁ ተነጥፎ ነበር።

አየር ማውጣት ሁለት ሰው ይሻል፤ ጎረቤቱ ሥራ ሄዷል።
ሊቪዮ «እኔስ?» ሳይል በዓይኑ ብሎኛል።
አነሣሁት — ሰው ማንሣት እንጀራዬ ነው —
መሪው ፊት አስቀመጥሁት፤ ቀኝ እግሩን ፔዳሉ ላይ። እኔ ወደ ኋለኛው
ቀኝ ጎማ፤ ከፖምፓው የራቀው ይቀድማል፤ ድንጋዩ ላይ ተጋደምሁ።
«ምታ! ምታ! ያዝ!»
አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ ጋራዥ ግን አንቱታ አያውቅም።
ኮምቦልቻ እኔ ነበርሁ ፔዳሉ ላይ፤ አባቴ ከሥር፣ ፊቱ አይታይም፣
«ምቺ፣ ምቺ፣ ያዢ!» እግሬን በድምፁ ብቻ ያዝዘው ነበር፤
አንዴ ልቀቂ ሳይለኝ ለቅቄ፣ አየሩ ተመልሶ ገባና
እስከ ማታ አላናገረኝም።

ሊቪዮ ቃሉን በሁለተኛው ለመደው። ቱቦው ውስጥ አረፋ
መጣ፣ ደቃቅ፣ ወተት መሳይ፤ መጣ፣ ሳሳ፣ ጠፋ።
ከዚያ ጥርት ያለ ዘይት።

አራተኛው ጎማ ላይ ደክሞኛል፤ አጠበቅሁ፣ ጠርሙሱን ከደንሁ፣
ጨርቄን ሰበሰብሁ፤ «ልቀቅ» ማለቱን ረሳሁ።
ተነሥቼ በመስኮቱ ባየው፣
ሁለቱ እጆቹ ጭኑ ላይ ይርዳሉ፤ አገጩም ይርዳል፤
እግሩ ግን ይዟል፤
ፔዳሉ አልወረደም። ልቀቅ እስክለው ይጠብቃል።