«አግብር»

ሐወሊ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ የማይሠራ፣
ኤሲው እንደ አሮጌ ወፍጮ ሌሊት የሚያጓራ፤
ሦስት አልጋ፣ አንድ መስኮት፣
ከመስኮቱ ሥር ኮምፒውተር፣ በሻሽ የሸፈንኩት።
ከጁምዓ ገበያ በሠላሳ ዲናር ነው የገዛሁት።
«ወላሂ ንጹሕ ነው፣ አንድ ተማሪ ነው የያዘው»፤
በየፊደሉ መሐል የብስኩት ፍርፋሪ የተወው።

ሐሙስ ማታ ነው። ዓርብ ነው ዕረፍቴ።
ጦይባ ቁጭ ብላለች፣ ጉልበቷን አቅፋ ከፊቴ።
የአሥራ አንድ ወር ደመወዟን፣ ያልተከፈላትን፣
ወር በወር ልጽፍላት ነው፣ እማኝ የሌላትን፤
ለኤምባሲ የሚሰጥ፣ በሠንጠረዥ የተሰመረ፣
እንዳይሏት «ይህ የአፍ ነው፣ መቼ ተቆጠረ»።

ሁለት መስመር ጻፍኩ።
ሦስተኛው ላይ ቆምኩ።
ገጹ አመድ ለበሰ፣ ከላዩ ቀይ መስመር ወጣ፣
«ይህ ቅጂ ሕጋዊ አይደለም» የሚል ቃል አመጣ።
ቋንቋውን አማርኛ ያደረግኩት እኔው ነኝ፣
መቆጣቱ ካልቀረ በሚገባኝ ይቆጣኝ።
«አግብር» ይላል ከሥሩ፣ በገዛ ፊደሌ ሲያታልል።
ምን ቀረኝ የምገብረው? ለደላላው በል፣
ለወኪሉ በል፣ ለኢቃማው በል፣
ደግሞ ለዚህ ሣጥን!

ገለበጥኩት። ከጀርባው አንዲት ተለጣፊ፣
ሃያ አምስት ፊደል፣ ግማሹ የጠፋ፣ ግማሹ ጠፊ።
ጦይባ በስልክ መብራት፣ እኔ በጣቴ እያበስኩ፣
ቢ ይሁን ስምንት፣ ኦ ይሁን ዜሮ፣ እየገመትኩ፤
አምስት አምስት እያልን፣ ዶቃ እንደሚሰካ፣
ሦስቴ ሞከርን፤ ሦስቴም «አልተሳካ»።

ስልክ ደወልኩ። ሰው አይደለም፣ የተቀዳ ድምፅ ነው፤
«ቁጥሩን አንብቢ» ይላል፣ ቁጥሩ ማለቂያ የለው።
ፈንታዬ ተኝታለች፣ የሌሊት ተረኛ ናት፤
ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ በሹክሹክታ ቆጠርኩለት፣
ስድስት ስድስት አኃዝ፣ ዘጠኝ ጊዜ፣ በዓረብኛ፤
ሰባተኛው ላይ ሳልኩ። «እንደገና» አለኛ።

ሐምሌ እዚህ ክረምት አይደለም። ሣጥኑን በአንሶላ አስሬ፣
እንደ ልጅ አዝዬ፣ ከጥላ ወደ ጥላ ተሻግሬ፣
ኢብን ኸልዱን መንገድ ወረድኩ።
ቢጁ የኬራላው፣ ሱቁ እንደ ቁም ሣጥን የጠበበ፣
ምንም ሳይነካ ከስክሪኑ ጥግ ቀኑን አነበበ።
«ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» አለኝ።
«ሁለት ሺህ አሥር።»
ሳቀ። ሳቁን አልወደድኩለትም።
«እህቴ፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ነው።»

ለካ ባትሪው ሞቷል፣ ሰዓቱን የሚይዘው፤
በጠፋ ቁጥር ወደ ተወለደበት ቀን ነው የሚመለሰው።
ከሩቅ ያለው መዝገብ «ይህ ቀን ከየት መጣ» ሲል፣
ቁልፉ ልክ ቢሆንም «ውሸታም ነህ» ይላል።
እኔ እንዴት ልጠርጥር? በኛ ቤት ልክ ነበረ፤
መስከረም ሲጠባ ነው አሥር ተብሎ የተቆጠረ።
በዚህ ሁሉ ከተማ፣ በዚህ ሁሉ ፎቅ መካከል፣
ከኛ ከሦስታችን ሌላ እሱ ብቻ ነበር በኛ ዓመት የሚውል።

ሁለት መቶ ሃምሳ ፊልስ፣ ሳንቲም የምታህል ክብ።
ቀየራት። ቀኑን አረመ። በአጉሊ መነጽር ሲያነብ
ቢ ያልነው ስምንት ሆኖ ተገኘ።
«ገብሯል» አለ ሣጥኑ። የገበርኩት ግን እኔ ነኝ።

ማታ ስከፍተው፣ የሐሙሷ ገጽ ከራስጌዋ
አሮጌውን ቀን ይዛለች፣ ተጽፎ ከግንባሯ፦
ጃንዋሪ አንድ፣ ሁለት ሺህ አሥር።
«ላርመው?» ስላት ጦይባ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤
«ተይው አያል» አለች፣ በጣቷ እየቆጠረች፣
«ከዚያ ቀን ይጀምሩልኝ።»
ሳቅን፣ ፈንታዬን እስክንቀሰቅስ።

ስልሳ ዲናር በወር፣ ስምንት ዓመት ሙሉ፤
ደመርኩት፣ ለማየት ብቻ። ከዚያ ሰረዝኩት ሁሉን በሙሉ።
አሥራ አንድ ወር። ስድስት መቶ ስልሳ።
ጦይባ ሁለቴ አስነበበችኝ፣ አንዱም እንዳይረሳ።