የደከመች ካርድ

ማኒላ፣ ጊልሞር ሰፈር፣ ከባቡሩ ድልድይ ሥር፣
አለችኝ አንዲት ሱቅ፣ ወርዷ ከአልጋ የሚያጥር።
ማዘርቦርዱን በሽቦ እንደ ቋንጣ ሰቅዬ፣
በካርቶን ላይ ጽፌ፣ "ያገለገለ፣ ግን ያልሞተ" ብዬ፣
ሃያ ሁለት ዓመት እዚያው ተቀምጫለሁ።
ማንግ ቴዮ ይሉኛል። ዋጋ ስጠራ ዐይን ዐይን አያለሁ።

ጆማር ግን ሲመጣ ዐይኑን አይሰጥም፤
ዕቃውን ነው የሚያይ፣ እኔን አይመለከትም።
ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ትከሻው የላጠ፣
የመጠጥ ውሃ ተሸክሞ አምስተኛ ፎቅ እየሮጠ፣
ካገኛት ላይ ለቤት ኪራይ ለእናቱ ቆርሶ፣
የተረፈውን በካልሲ ቋጥሮ፣ ያንኑ ካናቴራ ለብሶ፣
ቅዳሜ ጠዋት ባንኮኒዬ ላይ ይዘረግፈዋል።
ሳንቲሙ ገና ላብ ላብ ይላል።

መጀመሪያ የገዛው የኃይል ሣጥን ነበር፣
ያውም ውዱን፣ ያውም ሳይከራከር።
"ምነው?" ብለው፣ "ቤት የሚቃጠለው
ሁልጊዜ በርካሹ በኩል ነው።"
ቀጥሎ ፕሮሰሰር፣ ከባንክ ቤት ማሽን የተነቀለ፤
ቀጥሎ ራም፣ ጥርሱ በላጲስ የተወለወለ።
ለኬዝ አልከፈለም። የብስኩት ቆርቆሮ አግኝቶ
መጣ፣ በሚስማር እንደ ወንፊት በሳስቶ።

የቀረችው አንዲት፣ ሥዕሉን የምትሥለው፣
የሁሉም እመቤት፤ ጌም ያለ እርሷ ወሬ ነው።
አዲሷን አሳየሁት። ዋጋዋን ሰማና
እጁን ከመስታወቱ አነሣ፣ እንደተቃጠለ ሆነና።

እኔ ደግሞ ከመደርደሪያው ሥር አንዲት አለችኝ፣
ዲጂታል ገንዘብ ከሚቆፍር መጋዘን በኪሎ የደረሰችኝ፣
ሁለት ዓመት ሌት ከቀን ሳትጠፋ የነደደች፣
እንደ ጋሪ ፈረስ ግራ ቀኝ ሳታይ የኖረች።
በአልኮል አጠብኳት፣ በጥርስ ብሩሽ ፋቅኳት፣
የሌላ ካርድ ሣጥን ፈልጌ አለበስኳት።
"የአንድ ተማሪ ናት" አልኩት፣ "የጨዋ ልጅ፤
አይነካትም ነበር፣ ቅዳሜና እሑድ ካልሆነ በቀር እንጂ።"
ጎረቤቴ ናኔት፣ ቻርጀር የምትሸጠው፣
ሳቋን ሳል አስመስላ ነበር የዋጠችው።
ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ፔሶ።
ሁለቴ ቆጠረ። ዐሥራ አንድ ጎደለው።
"ተወው" አልኩት፣ እንደ ቸር ሰው።

ሦስት ሳምንት ጠፋ።
ዝናቡም መጣ፣ ቱቦው ሁሉ ውሃ ተፋ።
በአራተኛው፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ
ጎርፉን ሲሻገር አየሁት፣ ነጠላ ጫማውን አንጠልጥሎ።
ምላሴን አሰናዳሁ፤ "ያገለገለ ዕቃ አይመለስም"
የምትለዋን። ሃያ ሁለት ዓመት አሳፍራኝ አታውቅም።
እሱ ግን፣ "የሙቀት ቅባት አለህ?" አለኝ፤
"ካርዷ ትግላለች። ብፈታት፣ ኖራ ሆኖ ጠበቀኝ።
ከማራገቢያዋም ሥር የመጋዘን ቁጥር አለባት፣
አራት መቶ ዐሥራ ሰባት።"
ቀና አለ። መጀመሪያ ጊዜው ነበር፣ ዐይኔን ሲያይ።
"ያ ተማሪ" አለ፣ "አይተኛም ነበር መሰለኝ፣ ቀን ከሌሊት።"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤
የኔይቱን ግን ካቻቪቴ ፈትቷታል።

ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። የብስኩቱ ቆርቆሮ፣
ማራገቢያው በጫማ ክር ታስሮ፣
የጎረቤት ቴሌቪዥን፣ ጥጉ ላይ አረንጓዴ መስመር፣
ተራ የሚጠብቅ የሰፈር ልጅ ከአልጋው እስከ በር።
"ሣሩን አጠፋሁት" አለኝ፣ "ጥላውንም፤
ኩሬው ሰማዩን አያሳይም፤
ከሩቅ ያለው ተራራ ጭጋግ ነው፤
ግን ሰውዬው ይሮጣል። ሳይቆራረጥ ነው የሚሮጠው።"

ቅባቱን ሰጠሁት፣ ከጥሩው። ዋጋ አልጠራሁም።
ዋጋውን ያውቀዋል፤ ከፈለ፤ አልተከራከረኝም።
ከላዩ ላይ ደግሞ ዐሥራ አንድ ፔሶ ጨመረ፣
አንድ በአንድ እየቆጠረ።
"የዚያን ቀን የጎደለችው።"

ተቀበልኩት፤ እምቢ ብል ያውቅብኛል ብዬ፣
ያላወቀ ይመስል።
ሳንቲሙ ርጥብ ነበር።
የጎርፉ ይሁን የላቡ፣ እጄ አልለየውም።