ሁለት ነጥብ

ሳቢያን ሦስት ቀን ሙሉ ቧንቧው አየር ሲተፋ፣
የቢጫ ጀሪካን ሰልፍ ከደጅ ደጅ ሲሰፋ፣
አለቃዬ ደወለ፤ «ማሽኑ ነው ያበደው?
ወይስ አንተ ነህ ደግሞ ነካክተህ የሄድከው?»
«ደህና ነበር» አልኩት፣ እንደ ማንም ሰው።

ሌሊት ሰባት ሰዓት።
ቀን የዋጠውን ሙቀት የደቻቱ አሸዋ ማታ ይመልሳል፤
ማራገቢያው፣ ዳገት እንደያዘ ባቡር፣ ቁና ቁና ይተነፍሳል።
በጥቁሩ መስኮት ላይ አንዲት ጭረት ብልጭ ድርግም፤
ትጠይቃለች እንጂ መልስ ከሷ አይገኝም።

ሎጉን በጅራቱ ያዝኩት፤ ነብር ነው፣ ከያዙ አይለቁ፤
ሺህ መስመር አለፈ፣ ሁሉም «ሰላም» ብለው፣ እየተሳሳቁ።
«ስህተት» የሚል ቃል ካለ ብዬ በግሬፕ ወንፊት ነፋሁ፤
ገለባ እንኳ ጠብ አላለም። ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ።

ዘበኛው አብዶሽ ሽርጡን ጠበቅ አርጎ ገባ፤
ስክሪኔን በባትሪ አየው፣ የተደበቀ ይመስል ሌባ።
«አቦ! ይሄ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ውሃ ለመክፈት?
በመፍቻ ነበር ዱሮ፤ አንዴ ጠምዘዝ፣ ከዚያ መተኛት!»

ፋይሉን ከፈትኩ። ጣቴን ስክሪኑ ላይ እየጎተትኩ
ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር ቆጠርኩ።
አርባ ሰባት፦ መክፈቻ ሰዓት = 2፡00
ምን አለበት? ምንም የለበት።
ዓይን ይሸነግላል፤ ፊደሉን በባይት አስዘረዘርኩት፤
ያቺ ነጥብ ሦስት ባይት ሆና ቁጭ፣ አንድ ብቻ ሲገባት።

የእኛዋ ሁለት ነጥብ ናት!
አባቴ ከዚራ ታፔላ ሲጽፍ በቃልና ቃል መሀል የሚተክላት፤
«ብስክሌት፡ይጠገናል»።
«አጥር የሌለው ቃል ከጎረቤቱ ይጣላል» ይላል።

ትዝ አለኝ። ማክሰኞ ማታ።
እህቴ ከድል ጮራ ሆስፒታል ጻፈችልኝ፤
«አባባ፡እንዴት፡ዋለ?» አልኳት፣ ነጥቧን ሳላጎድል፣ እሱ እንዳስተማረኝ።
መልሷ እስኪመጣ እጄ ሥራ አጣና ሰዓቱን አስተካከልኩ፣
ኪቦርዱን ከአማርኛ ሳልመልስ።
ማሽኑ አልጮኸም፣ አልተቆጣም፤ የማያውቃት ፊደል ስትመጣበት
እንደ ጨዋ አቀርቅሮ መስመሯን ዘሎ አለፋት።

አንድ ፊደል ሰርዤ አንድ ተካሁ። በእጄ አስነሳሁት።
ከግቢው ቧንቧ ሳል መጣ፤ ከዚያ ዝገት፤
ከዚያ «መጣች! መጣች!»፣ አብዶሽ ከነጫማው ገባባት።

ከመውጣቴ በፊት ፋይሉ ግርጌ አንድ መስመር ጨመርኩ፣
ፊቷ ላይ የመሰላል ምልክት አድርጌ፣ ማሽኑ እንዳያነባት፦
# አባባ፡ዛሬም፡ውሎ፡አደረ።