ቁልፍ

ዝናቡ በዌልስ ከላይ አይወርድም፤
በጎን ነው የሚመጣው፣ ጃንጥላ አያውቅም።
ለገና ሦስት ቀን ቀርቶት፣ ማክሰኞ በጠዋት፣
ከአዳራሹ ደጃፍ ቆመናል እኛ አራት።
ቁልፉ የለም።

ቴግዌን ኪሷን ዳበሰች፣ ቦርሳዋን ዘረገፈች፤
ክር፣ የሎሚ ከረሜላ፣ የድመት መድኃኒት አወጣች።
ኢድዋል «ከአበባው ሥር ነው» ብሎ ማሰሮውን ቢያነሣ፣
ያገኘው ቀንድ አውጣ ነው፣ ተኝቶ ዓለምን የረሳ።

በመጨረሻ ሜርፊን፣ ዳቦ ጋጋሪያችን፣
ሰውነቱ እንደ ሊጥ ኩፍ ያለው ወዳጃችን፣
በመጸዳጃው መስኮት ሊገባ ተንጠራራ፤
ግማሹ ውስጥ ገባ፣ ግማሹ ውጭ ቀረ፣ ሲሳደብ፣ ሲያጓራ፤
እኛ ከኋላው ቆመን፣ ሳቅ ጉልበታችንን ሰርቆ፣
«ግፉ!» ይላል እሱ፤ ማን ይገፋል ስቆ?
ከካፖርቱ ላይ አንድ ቁልፍ ተፈናጥሮ
ጭቃው ውስጥ ገባ፣ እንደ ጥይት በሮ።
እሱም እንደ ጆንያ ወለሉ ላይ ተደፍቶ፣
በሩን ከፈተልን፣ እንደ ባለርስት ደረቱን ነፍቶ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ነው።
ወንበር ከትምህርት ቤት፣ ወንበር ከመጠጥ ቤት፣
አንዱ ከፀጉር ቆራጩ፣ የሚሽከረከር፣ ልጆች የሚጣሉበት፤
ቴግዌን ከታች ቆማ «ወደ ግራ!»፣ «አይ፣ ከፍ!» ስትል፣
ኢድዋል ከመሰላሉ ጫፍ የወረቀት ኮከብ ሲሰቅል፣
መብራቱ ቦግ ብሎ እንደገና ሲጠፋ፣
ማን ምኑን እንደነቀለ ሳይጣራ፣ ሁሉም በሁሉም ሲከፋ።

እኔ ፖስተኛ ነኝ። በማግስቱ ዳገቱን ስወጣ፣
ከሜርፊን ምድጃ የቅርንፉድ ሽታ ተከትሎኝ መጣ፤
ቴምብር የለው፣ አድራሻ የለው፣ ከእኔ ቀድሞ በየቤቱ ገባ፤
የማያሳልፈኝ ውሻ እንኳ ጅራቱን ቆልቶ ከእኔ ጋር ተግባባ።

ፒያኖው ግን አንድ ቁልፉ አይናገርም።
ከመሐል በስተቀኝ፣ ጫፉ የተሰበረው፤
ብትነካው ቶክ ይላል፣ እንጨት ነው፣ ድምፅ የለው።
ወጌሻው ኤምሪስ ነበር፤ በየዓመቱ ሆዱን ከፍቶ፣
በጉጠት፣ በሱፍ ቁራጭ፣ በፉጨት፣ ግማሽ ቀን ሥሩ ተኝቶ፣
ያናግረው ነበር።
ዘንድሮ በመስከረም ኤምሪስን ቀበርነው።
የመሣሪያው ሳጥን ፒያኖው ሥር አለ፣ ማንም አልነካው።
«ሌላ ሰው ይጠራ» ያለም የለ።
ቴግዌን አቧራውን ጠርጋ ከነበረበት መለሰችው።

በዋዜማው ምሽት ካፖርቱ ሁሉ ይተናል፣
መነጽሩ ሁሉ ጉም ለብሶ ሰው ሰውን በድምፅ ይለያል።
ለዚያ ወንበር ልጆች ሲጋፉ፣ የዘጠና ዓመቷ ግዌንሊያን ተቀመጠችበት፣
አንዴ ዞረች፣ ሁለቴ ዞረች፣ ማን ደፍሮ ይናገራት?
ለትርኢቱ የመጣችው በግ የኮከቡን ጭራ በላች፤
መዘምራኑ ተሰለፉ፤ ጡረታ የወጡ ድንጋይ ፈላጮች፣
የመድኃኒት ቤቷ ልጅ፣ አንድ የጥርስ ሐኪም፣ ሁለት ፖሊሶች።

ቴግዌን ጀመረች። ዜማው እዚያች ቁልፍ ላይ ሲደርስ፣
ቶክ።
ፈገግታ ላይ እንደ ጎደለ ጥርስ።
ደግሞ ቶክ። የቴግዌን አንገት ቀላ።
በሦስተኛው፣ ከበሩ አጠገብ፣ ከሁሉም ኋላ፣
ሜርፊን፣ አንድ ቁልፍ በጎደለው ካፖርቱ፣
ድምፁ ወፍራም፣ እንደ ከረጢት ዱቄቱ፣
ያቺን አንዲት ድምፅ ብቻ አስገባት።
በአራተኛው አሥር ሰው ሆኖ ተቀበላት።
በአምስተኛው አዳራሹ።
መዝሙሩን የማያውቁት ልጆች እንኳ ያቺን አንዷን ጠበቋት፣
አፋቸውን እንደ ጫጩት ከፍተው፣
ተራዋ እስክትደርስ።
ግዌንሊያን መሽከርከሯን አቆመች።

ሌሊት፣ ሲኒው ታጥቦ፣ ወንበሩ ተደራርቦ፣
ኢድዋል ወለሉን ጠርጎ፣ የኮከቡን ትራፊ ሰብስቦ፣
ልንቆልፍ ብንል፣ ለካ የምንቆልፍበት የለንም።
«ማን ይሰርቃል?» አለ ሜርፊን። ማናችንም አልመለስንም።
በሩን ገርበብ አድርገነው ሄድን።

ከመስኮቱ ሥር፣ ጭቃው ውስጥ፣ ጫማዬ አንድ ነገር ነካ፤
ጎንበስ ብዬ ባየው፣ የሜርፊን ቁልፍ ነው ለካ።
ኪሴ ውስጥ አለ።
እስካሁን አልመለስኩለትም።